እጅ ከእሳት የሚሸሽበትና የማይሸሽበት ምክንያት

ባለፈው ሰሞን ከአንዲት እናት ደብዳቤ ደርሶን ነበር። ስማቸውና ሰፈራቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑን ቃላቸውን እንጠብቃለን፤ ነገሩ ግን የብዙ ቤት ጭንቀት ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ላይ መልስ እንድንሰጥበት ፈቅደውልናል። የ12 ዓመት ልጃቸው አንድ ቀን ማለዳ እሳት አንድዳ፥ ምጣድ ጥዳ፥ ሊጡን ልትቀዳ ስትል በድንገት ጮኻ ወደቀች። ቀኝ እጇም ከጕልቻው ሥር ከፍሙ ላይ ዐረፈ። እናቲቱ ከጓሮ ሮጠው እስኪደርሱ ድረስ እጇ ከፍሙ ላይ አልተነሣም። ከዚህ በፊትም ልጅቱን ሁለት ጊዜ እንዲሁ ጥሏት ነበርና በሽታው ለእናቲቱ አዲስ አይደለም። አሁን እንቅልፍ የነሣቸው አንዲት ጐረቤታቸው የተናገሩት ነገር ነው።

«የተኛ ሰው እንኳ እሳት ሲነካው እጁን ይሰበስባል፤ ይህች ልጅ እጇን ያልሰበሰበችው ሌላ ነገር ይዟት ቢሆን ነው እንጂ የሰውነት በሽታ እንዲህ አያደርግም» አሉ ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰፈሩ ልጆች ከርሷ ጋራ በአንድ ገበታ እንዳይቀርቡ ተከለከሉ፤ እሷም ትምህርት ቤት መሄዷን ተወች። እናቲቱ የሚጠይቁን አጭር ነው፤ «ልጄ እጇን ለምን አልሰበሰበችም?»

ይህ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። የተኛ ሰው እጁን ከእሳት እንደሚሰበስብ ጐረቤቲቱ ማስተዋላቸው ትክክል ነው፤ የተሳሳቱት ከዚያ ቀጥለው በሰጡት ፍርድ ነው። እጅ ከእሳት እንዴት እንደሚሸሽ ካላወቅን ሳይሸሽ የቀረበትን ምክንያት ማወቅ አንችልምና፥ አንባብያን ጥቂት ታግሠው እንዲከተሉን እንለምናለን።

እንጀራ ስትጋግር እጇ በድንገት የጋለውን ምጣድ የነካት ሴት የሚሆነውን ታውቀዋለች። በመጀመሪያ እጅ ይሸሻል፤ ወዲያው የሚወጋ ሕመም ይሰማል፤ ጥቂት ቈይቶ ደግሞ ሁለተኛ፥ የሚለበልብና ቶሎ የማይለቅ ሕመም ይመጣል። እጃችን የሸሸው ስላመመን ይመስለናል። ነገር ግን ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ሽሽቱ ከሕመሙ ይቀድማል። እንግዲያስ ገና ሳያመን እጃችንን ያሸሸው ማን ነው?

በቋንቋችን ጅማት የሚለው ቃል ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን ይጠራል። ጡንቻን ከዐጥንት ጋራ የሚያስረው ጠንካራ ገመድ ጅማት ነው፤ በሰውነት ውስጥ ወሬ የሚያመላልሰውንም ቀጭን ክር ብዙ ሰው ጅማት ወይም ሥር ይለዋል። እኛ እንዳይደባለቅብን ሁለተኛውን ሐኪሞች እንደሚሉት ነርቭ እንለዋለን። አንድ ነርቭ ብዙ ክሮች እንደ ተፈተለ ጥጥ አንድ ላይ የተሰበሰቡበት ነው፤ እያንዳንዱም ክር የአንድ ሕዋስ ክንድ ነው። የሕዋሱ አካል ያለ መሣሪያ በዐይን አይታይም፤ ክሩ ግን ከወገብ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት የሚደርስበት ጊዜ አለ። በሰው አንጎል ውስጥ ብቻ 86 ሺሕ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉ ይገመታል።

እነዚህ ሕዋሳት መልእክታቸውን የሚልኩበት ነገር በየቤቱ በጨው ዕቃ ውስጥ ተቀምጧል ብንል አንባቢ ይደነቅ ይሆናል። የገበታ ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ ከሚባሉ ሁለት ነገሮች የተሠራ ነው። እንባውን ወይም ደሙን የቀመሰ ሰው ሰውነታችን በጨዋማ ውሃ የተሞላ መሆኑን ያውቃል። ጨው በውሃ ሲሟሟ ሁለቱ ይለያያሉ፤ እያንዳንዱም ቅንጣት ጥቂት ኤሌክትሪክ ይሸከማል። የነርቭ ሕዋስ በስስ የስብ ሽፋን የታጠረ ነው፤ በሽፋኑም ላይ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ፓምፕ አለበት። ይህ ፓምፕ በአንድ ዙር 3 የሶዲየም ቅንጣቶችን ወደ ውጭ አውጥቶ 2 የፖታሲየም ቅንጣቶችን ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ ሶዲየሙ ከደጅ ተሰብስቦ መግቢያ እንደሚጠብቅ ሕዝብ ይገፋል፤ በውስጥ የበዛው ፖታሲየም ደግሞ በየቀዳዳው ጥቂት ጥቂት እየሾለከ ይወጣል። በዚህም ምክንያት የሕዋሱ ውስጥ ከውጩ በአንድ ቮልት ከሺሕ 70 እጅ ያህል ዝቅ ብሎ ይኖራል። ይህም የአንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ኃይል ከሃያ አንድ እጅ ያህል መሆኑ ነው። ኃይሉ ለዐይን ትንሽ ቢመስልም ለመጠበቅ ርካሽ አይደለም። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚያጠፋው ኃይል ከመቶ 20 ያህሉን የሚበላ እሱ ነው፤ ከዚህም ብዙው የሚወጣው ለዚሁ ፓምፕ ነው። ልጅ ቍርስ ሳይበላ ትምህርት አይገባውም የሚሉ እናቶች ያለ ምክንያት አልተናገሩም።

አሁን ወደ ምጣዱ እንመለስ። በእጃችን ቆዳ ውስጥ ባሉት የነርቭ ጫፎች ላይ ሙቀት የሚከፍታቸው ጥቃቅን በሮች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሙቀቱ ወደ 43 ዲግሪ ሲደርስ ይከፈታል። ይህን በር በ1997 ያገኙት አሜሪካዊው ሊቅ ዴቪድ ጁልየስ ናቸው፤ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን፤) ስለዚህና ስለ ተከታዩ ሥራቸውም በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በሩን የፈለጉትም በበርበሬ ነው። በርበሬንና ሚጥሚጣን የሚያቃጥል ያደረገው ነገር ይህንኑ የእሳት በር ያለ እሳት ይከፍተዋልና፥ አፋችን ወይም ቃሪያ የሰነጠቀው እጃችን «ተቃጠልሁ» ብሎ የሚልከው ወሬ ከእውነተኛው የእሳት ወሬ የተለየ አይደለም። ነገሩ በስብ እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ፥ አፉ የተቃጠለ ሰው ውሃ ከሚጠጣ ወተት ወይም እርጎ ቢጠጣ ይሻለዋል።

በሩ ሲከፈት ከደጅ ሲገፋ የነበረው ቅንጣት ወደ ውስጥ ይገባል፤ የሕዋሱም ውስጥ ከ70 ዝቅታው ከፍ ማለት ይጀምራል። ወደ 55 የደረሰ እንደ ሆነ በክሩ ላይ የተደረደሩት ሌሎች የሶዲየም በሮች በአንድ ጊዜ ብርግድ ይላሉ። ሶዲየሙም ይጐርፋል፤ የሕዋሱ ውስጥ ከሴኮንድ ሺሕኛ ባነሰ ጊዜ ከውጩ በላይ ይሆናል። ወዲያው የሶዲየሙ በር ይዘጋል፥ የፖታሲየሙ በር ይከፈታል፥ ሁሉም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የጐረቤቱ በር ለውጡን ተረድቶ ተከፍቷል፤ የሱም ጐረቤት እንደዚሁ። መልእክቱ ነፋስ እንደሚነዳው የደረቀ ሣር እሳት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። የተቃጠለ ሣር ዳግመኛ እንደማይቃጠል ሁሉ የተዘጋውም በር ጥቂት ጊዜ ተቈልፎ ስለሚቈይ መልእክቱ ወደ ኋላ አይመለስም። ልዩነቱ ይህ ሣር ከሴኮንድ ጥቂት ሺሕኛ በኋላ እንደ ገና መብቀሉ ነው።

ብዙ ሰው ነርቭን በስልክ ሽቦ ይመስለዋል፤ እኛም ቀድሞ እንደዚያ እንል ነበር። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪኩ በርዝመቱ ይሮጣል፤ መንገዱ ሲረዝምም ይደክማል። በነርቭ ውስጥ ግን ቅንጣቶቹ በየስፍራው ከጐን ይገባሉ ይወጣሉ እንጂ ከእጅ እስከ ጀርባ የሚጓዝ ቅንጣት የለም፤ መልእክቱም በየእርምጃው እንደ ገና ስለሚወለድ ከእግር ጣት ተነሥቶ ወገብ ሲደርስ ከተነሣበት ጉልበት ምንም አይጐድልበትም። ይልቅስ ጠመንጃ የተሻለ ምሳሌ ነው። ቃታው እስኪለቅ ድረስ ቢስቡት ምንም የለም፤ ከለቀቀ በኋላ ግን በዝግታ የሳበውም በኃይል የሳበውም አንድ ዐይነት ጥይት ይተኵሳል። ለብ ያለ ምጣድና የጋለ ምጣድ የሚለያዩት በጥይቱ ታላቅነት ሳይሆን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ በመተኰሱና ስንት ክሮች በመተኰሳቸው ነው። ይህን በ1920ዎቹ ዓመታት ያስረዱት እንግሊዛዊው ኤድጋር ኤድሪያን ነበሩ።

የመልእክቱን ፍጥነት በመጀመሪያ የለኩት በ1850 ጀርመናዊው ሄርማን ሄልምሆልትዝ ናቸው። አስተማሪያቸው ዮሐንስ ሙለር የነርቭ መልእክት ፍጥነት የሚለካ አይደለም ብለው ያስቡ ነበር፤ ደቀ መዝሙሩ ግን በእንቍራሪት እግር ላይ ለክተው በሴኮንድ 27 ሜትር ያህል አገኙት። ፍጥነቱ እንደ ክሩ ይለያያል። ወፍራምና በስብ የተጠቀለለ ክር በሴኮንድ እስከ 120 ሜትር ያስኬዳል። የመጀመሪያውን ወጊ ሕመም የሚያመጡት ክሮች በሴኮንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር፥ ሁለተኛውን የሚለበልበውን የሚያመጡት ቀጫጭንና ያልተጠቀለሉ ክሮች ግን በሴኮንድ ከ2 ሜትር አይበልጡም። ምጣድ የነካን ሰው ሁለት ጊዜ የሚያመው ስለዚህ ነው፤ አንዱ መልእክት በፈረስ፥ ሌላው በእግሩ ይመጣል።

በሮቹን የገለጹት ሊቃውንት አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ ይባላሉ። ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ወፍራምነቱ እስከ አንድ ሚሊሜትር የሚደርስ የነርቭ ክር አለው። እነዚህ ሁለት እንግሊዛውያን በ1939 በፕሊመዝ ከተማ በዚህ ክር ውስጥ ቀጭን መለኪያ አግብተው ኤሌክትሪኩን ከውስጥ ለኩት። ወዲያው ጦርነት መጣና ሥራው ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው፥ ሃክስሊም በእጅ በሚዞር የሒሳብ መኪና ቍጥሩን አስልተው፥ በ1952 የሶዲየሙና የፖታሲየሙ መንገድ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ አስታወቁ፤ በ1963 ተሸለሙበት።

መልእክቱ የክሩ መጨረሻ ሲደርስ ምን ይሆናል? አንዱ ሕዋስ ከሌላው ጋራ በአብዛኛው አልተያያዘም፤ በመካከላቸው እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ፤ መገናኛውም ሲናፕስ ይባላል። ይህን ክፍተት ኤሌክትሪክ ይዘለዋል ወይስ ሌላ ነገር ያሻግረዋል የሚለው ክርክር ብዙ ዓመት ቈይቷል። በ1921 በኦስትሪያ በግራዝ ከተማ ያስተምሩ የነበሩት ኦቶ ሎዊ አንድ ሌሊት በሕልማቸው መመርመሪያውን መንገድ አገኙና ነቅተው በወረቀት ጫሩት፤ ጧት ግን የገዛ ጽሕፈታቸውን ማንበብ አቃታቸው። በማግሥቱ ሌሊት ሕልሙ ሲመለስ አልጋቸውን ትተው ወደ መሥሪያ ቤታቸው ሄዱ። የሁለት እንቍራሪቶችን ልብ አውጥተው በጨው ውሃ ውስጥ አኖሩ፤ የአንደኛውን ልብ የሚያዘገየውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ቀሰቀሱት፤ ልቡም ዘገየ። ከዚያ ልብ የተቀዳውን ውሃ በሁለተኛው ላይ ቢያፈስሱት፥ ማንም ነርቩን ያልነካው ሁለተኛው ልብ ደግሞ ዘገየ። እንግዲህ ከነርቩ ጫፍ የወጣ አንድ ቅመም ነበር ማለት ነው። ሎዊ በ1936 ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ከሎዊ ምርመራ አንድ ነገር አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ለእናቲቱ የምንሰጠው መልስ በሱ ላይ ቆሟልና። የነርቩ መልእክት ልብን አላፋጠነም፤ አዘገየ እንጂ። ነርቭ «አድርግ» ብቻ ሳይሆን «ተው» የሚልም መልእክት አለው። በአንጎል ውስጥ ዋናው የ«አድርግ» ቅመም ግሉታሜት፥ ዋናው የ«ተው» ቅመም ጋባ ይባላል። ግሉታሜት ለሶዲየም በር ይከፍትና ተቀባዩን ሕዋስ ወደ መተኰስ ያቀርበዋል፤ ጋባ ለክሎራይድ በር ይከፍትና ያሳርፈዋል። ስለዚህ የአንዱ ጨው ግማሽ ያነሣሣል፥ ግማሹ ያሳርፋል። (ጨው በመጨመር ወይም በመቀነስ የሚጥል በሽታ ይድናል ማለታችን ግን አይደለም፤ ማንም እንዲህ አይረዳን።) አንድ ሕዋስ በሺሕ ከሚቈጠሩ ጐረቤቶቹ «አድርግ» እና «ተው» ይሰማል፤ ሁለቱን መዝኖ ይተኵሳል ወይም ዝም ይላል።

አሁን የእጁ ሽሽት ይገባናል። ከቆዳ የመጣው የእሳት ወሬ በመጀመሪያ የሚደርሰው በጀርባችን ዐጥንት ውስጥ ወዳለው ሰረሰር ነው። በዚያ ያሉ ሕዋሳት ወሬውን ተቀብለው ወደ አንጎል ያሳልፉታል፤ ነገር ግን የአንጎልን መልስ አይጠብቁም። እጅ የሚያጥፈውን ጡንቻ ወዲያው «ሰብስብ» ሲሉት፥ እጅ የሚዘረጋውን ጡንቻ ደግሞ «ተው» ይሉታል። ሁለተኛው ትእዛዝ ባይኖር ኖሮ ሁለቱ ጡንቻዎች እርስ በርሳቸው ተጓትተው እጁ ካለበት ባልተነቃነቀ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን በ1932 ከኤድሪያን ጋራ የተሸለሙት ይህንንና ይህን የመሰለውን በመግለጻቸው ነው። ወሬው አንጎል ደርሶ «ተቃጠልሁ» የምንለው እጃችን ከሸሸ በኋላ ነው። የተኛ ሰውም እጁን የሚሰበስበው አእምሮው ሲተኛ ሰረሰሩ ስላልተኛ ነው፤ የጐረቤቲቱ ማስተዋል እስከዚህ ድረስ ልክ ነበር።

ልጅቱ ግን አልተኛችም ነበር። በዚያች ሰዓት የልጅቱ አንጎል ከእንቅልፍ ጋራ የማይመሳሰል ሁኔታ ውስጥ ነበር። በገበያ ቀን ሺሕ ሰው የየራሱን ጕዳይ ሲነጋገር ከሩቅ የሚሰማው የተቀላቀለ ሁካታ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ አንድ ቃል እየደጋገመ ቢጮኽ ግን ከተራራው ማዶ ይሰማል፤ በገበያው ውስጥ ግን መግዛትና መሸጥ ይቆማል። በጤናማ አንጎል ሕዋሳቱ በየተራቸው፥ በየጕዳያቸው ይተኵሳሉ፤ የ«ተው» መልእክት ሲደክም ወይም የ«አድርግ» መልእክት ሲበረታ፥ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ እልፍ አእላፍ ሕዋሳት በአንድነት መተኰስ ይጀምራሉ። የሚጥል በሽታ ማለት ይህ ነው። በ1924 በጀርመን አገር በዬና ከተማ ሐኪሙ ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል በላይ በወረቀት ላይ መዘገቡ፤ በ1929ም ለዓለም አሳወቁ። ዛሬ በዚህ መሣሪያ ላይ የጤናማ ሰው መስመር እንደ ትናንሽ ማዕበል ሲታይ፥ በሽታው ሲነሣ መስመሩ እየተነሣና እየወደቀ ተራራና ሸለቆ ይሆናል። በዐይን የሚታይ ነገር ነው።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ከእጇ የተነሣው የእሳት ወሬ መንገዱን ይዞ ነበር። ነገር ግን ጡንቻን የሚያዝዙት የሰረሰር ሕዋሳት ከቆዳ ብቻ ሳይሆን ከአንጎልም ትእዛዝ ይቀበላሉ፤ በዚያች ደቂቃ ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝ እንደ ክረምት ጐርፍ ሆኖ የሚያጥፈውንም የሚዘረጋውንም ጡንቻ በአንድ ጊዜ «ሳብ» ይላቸዋል። «ተው» የሚለው ድምፅ ይሰጥማል። ሰውነትም እንደ እንጨት ይደርቃል፥ ቀጥሎም ይንቀጠቀጣል። ጐርፉ ሲያልፍ ደግሞ የደከመው አንጎል ለብዙ ደቂቃ ራሱን አያውቅም፥ ሰውነቱም ይዝላል። እጇን የያዘባት ሌላ እጅ አልነበረም። ስትወድቅ የተሰማው ጩኸት እንኳ የፍርሃት ጩኸት አይደለም፤ የደረት ጡንቻ በድንገት ሲኰማተር አየሩ በጕሮሮ ተገፍቶ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው። አረፋውም ሳይዋጥ የቀረ ምራቅ ከትንፋሽ ጋራ ተደባልቆ ነው፤ ደም ቢታይበት ምላስ ተነክሶ ነው። አረፋው የነካው ሰው በሽታው አይያዘውም፤ አብሮ የበላም፥ አብሮ የተኛም አይያዘውም። ይህን የምንደጋግመው በአገራችን ብዙ ሰው ይተላለፋል ብሎ ስለሚፈራ፥ በእሳት ላይ የወደቀውን እንኳ ለማንሣት እጁን ስለሚሰበስብ ነው። በሽተኛው እጁን ያልሰበሰበው አቅቶት ነው፤ እኛ የምንሰበስበው ሳያቅተን ነው።

በዐይን ምስክርነት የታወቀ ነውና፥ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይጠቅምም፤ ጭሱ ሕዋሳቱን አያሳርፋቸውም፥ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ያስጨንቃል እንጂ። ማንኪያም ቍልፍም ጣትም በጥርሱ መካከል አይገባም፤ ጥርስ ይሰብራል። እግርና እጁን በኃይል መያዝም አይገባም። ከእሳትና ከውሃ ማራቅ፥ ከራሱ በታች ነጠላ ወይም ጋቢ ማድረግ፥ በአንገቱ ያለውን ማላላት፥ መንቀጥቀጡ ሲተው በጐኑ ማስተኛት ይበቃል። ብዙውን ጊዜ ከሁለት ከሦስት ደቂቃ በኋላ በራሱ ይቆማል። ከ5 ደቂቃ ያለፈ እንደ ሆነ ወይም አእምሮው ሳይመለስ ደግሞ የጣለው እንደ ሆነ ግን ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

በሽታው የሚመጣው በብዙ መንገድ ነው። በወሊድ ጊዜ አንጎልን ያገኘ ጕዳት፥ ማጅራት ገትር፥ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፥ የራስ መመታት፥ አንዳንድ ጊዜም ዘር ምክንያት ይሆናል፤ በብዙ ሰው ላይ ግን ምክንያቱ ሳይገኝ ይቀራል። ልጅቱም ብቻዋን አይደለችም። የዓለም የጤና ድርጅት በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይገምታል። በአገራችንም በቡታጅራ አካባቢ ተደርጎ በ1990 የታተመ ምርመራ ከ1000 ሰው 5 ያህሉን በዚህ በሽታ የተያዘ አግኝቷል፤ ይህም በአንድ ታላቅ ገበያ ውስጥ ብዙ ሰው ማለት ነው። ያው የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፥ በትክክል ቢታከሙ ከ10 በሽተኞች እስከ 7 የሚደርሱት ሳይጥላቸው ሊኖሩ ይችላሉ።

መድኃኒቱም ከላይ በተናገርናቸው በሮች ላይ የሚሠራ ነው። በ1912 አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም ለእንቅልፍ ይሰጥ የነበረው ፌኖባርቢታል በሽተኞቻቸውን ከመውደቅ እንደሚጠብቃቸው አስተዋሉ። ይህ መድኃኒት ጋባ የከፈተው የክሎራይድ በር ቶሎ እንዳይዘጋ ያደርጋል፤ የደከመውን «ተው» ያበረታዋል ማለት ነው። ርካሽ ስለ ሆነ በብዙ የአገራችን ጤና ጣቢያዎች ይሰጣል። ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሚባሉት ደግሞ የሶዲየሙን በር ያከብዱታል። ከነዚህ የቱ ለማን እንደሚሆን የሚያውቀው ሐኪም ነው፤ ይልቁንም ለነፍሰ ጡርና ለማርገዝ ለምታስብ ሴት የሚሰጠው በብርቱ ይመረጣል። እኛ የምንናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሽታው ጥቂት ወር ስለ ጠፋ፥ ወይም ጠበል ስለ ጀመሩ፥ ወይም ክኒኑ ስላለቀ መድኃኒቱን በድንገት መተው አደገኛ ነው። የለመደውን ማሳረፊያ በአንድ ቀን ያጣ አንጎል ከቀድሞው የባሰ ሊነሣና መቆም ሊያቅተው ይችላል። ወደ ጠበል የሚሄድ ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ለጠያቂያችን እናት ጥቂት እንጨምርላቸው። ቃጠሎው ከዳነ በኋላ ጠባሳው ጣቶቿን እንዳያጣብቅባት በየቀኑ እጇን እንድትዘረጋና እንድታጥፍ ያድርጉ፤ ይህንንም ለሐኪሙ ያሳዩ። በሽታው ለብዙ ጊዜ መነሣቱን እስኪተው ድረስ ብቻዋን ምጣድ አትጣድ፥ ብቻዋን ወንዝ አትውረድ፤ ምድጃውንም ከመሬት ከፍ አድርጎ ዙሪያውን በጭቃ መከለል ለሌሎቹ ልጆችም ይጠቅማል። ልትማረው የማይገባ ትምህርት ግን የለም። ወደ ትምህርት ቤት ይመልሷት፤ አስተማሪዋም ስትወድቅ የሚያደርገውን አስቀድሞ ይወቅ።

ወደ ሐኪም ስትሄዱም እርስዎና ልጅዎ ብቻ አትሂዱ። ልጅቱ ከወደቀች በኋላ የሆነውን አታውቅም፤ እርስዎም ከጓሮ ሲደርሱ መጀመሪያው አልፎ ነበር። ሐኪሙ አብዝቶ የሚጠይቀው ግን ስለ መጀመሪያው ነው፤ ዐይኗ ወዴት ዞረ፥ የቱ እጅ ቀድሞ ደረቀ፥ ስንት ደቂቃ ቈየ እያለ ይጠይቃል። በደብዳቤዎ እንደ ጻፉልን ከመጀመሪያው ዠምረው በበር ቆመው ያዩት እኒያው ጐረቤትዎ ናቸው። እሳቸውን ለምነው ይዘዋቸው ይሂዱ።